በእኔ ማይክ የተቀዳው

የልጅ ልጆቼ የዘፋኝነትሽን ነገር ንገሪን ብለው ያዙኝ። እስከ ዛሬ እየዞርኩ ነው የማመልጣቸው፤ አንድ ሰሞን ቶንጎ ዘመድ ጋ፣ አንድ ሰሞን ማንኩሽ። አሁን ጉልበቴ እምቢ ስላለ ልንገራቸው።

በደርግ ጊዜ አሶሳ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ወስደው ሲቀዱን ለእያንዳንዳችን ለየብቻ ማይክ አቆሙልን። ዘፈኑን በቀጭን ድምፅ የምንቀበለው እኔና አንዲት የበርታ ጓደኛዬ ነን። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሲያደርጉብኝ ድምፄ አልወጣ አለኝ። አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ። እሷ አየችኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ በእረፍቱ ጠጋ ብላ "አንተ አትፍራ" አለችኝና የሁለታችንንም ብቻዋን ተወጣችው።

ዘፈኑ በራዲዮ ሲመጣ ጎረቤቱ ያቺ ቀጭን ድምፅ ያንቺ ናት አይደል ይለኛል። መጀመሪያ ወሬ አስቀየርኩ። ኋላ አዎ አልኩ። ልጆቼን በዚያ ወሬ አሳደግኳቸው፤ የልጅ ልጆቼም ትምህርት ቤት ሄደው አወሩት።

ከዓመታት በፊት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ልጅ እነዚያን ቴፖች ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጠች ነው ተባለና ልጆቹ እየጎተቱ ወሰዱኝ። የቴፑ ጥቅል ሳህን ያህላል። ክሩ አርጅቶ እንዳይላጥ ቀስ አድርጋ አሙቃዋለች። ዘፈኑ ሲለቀቅ ልጆቹ አጨበጨቡ። ልጅቷም ሁሉም ለየብቻው ነው የተቀዳው አለችና፣ "እማማ፣ የእርስዎን ብቻ ላሰማቸው?" አለችኝ። እምቢ የምልበት አጣሁ።

የሌላውን ሁሉ ዘጋችው። ትንፋሼ ተሰማ። አምባሬ ሲጋጭ ተሰማ። ከሩቅ ደግሞ፣ ከጎኔ አልፎ ማይኬ ውስጥ የገባ የጓደኛዬ ድምፅ።

ትንሿ የልጅ ልጄ "እምዬ፣ አንቺ የታለሽ?" አለችኝ።

"ማሽኑ ይሆናል፤ አሮጌ ነው" አልኩ።

የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ አመነችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ማሽን ስትፈታ ስትወለውል ዋለች፤ ክሩን እንደገና አሞቀች፣ እንደገና ገለበጠች። እውነቱን ልነግራት ሄጄ፣ አጎንብሳ ሳያት ከበር ተመለስኩ። እስካሁን ያ ጀርባዋ ዓይኔ ላይ አለ።

የጓደኛዬን ደጅ ባምባሲ የረገጥኩት ከሞተች በኋላ ነው። ያ ድምፅ የእናትሽ ነበር አልኳት ለልጇ፣ አንገቴን ደፍቼ። ልጇ አላመነችኝም። ዘፈኑ በራዲዮ በመጣ ቁጥር እናቷ ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኝታ እንዲህ ትላቸው እንደነበር ነገረችኝ፦ "ስሙ፣ ጓደኛዬ ነው የሚዘፍነው።"