ያልተነገረው ሳሙና

ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ የእርሻ መድኃኒት ነጋዴው፣ ጊዜው ያለፈበትን የሻጋታ መድኃኒት አዲስ ላስቲክ ውስጥ ገልብጦ ሸጠላት። ቲማቲሟ ጠቁሮ ረገፈ፤ የኪራይ ማሳዋንም ለቀቀች። ታዲያ ማሳውን ማን ቢከራየው ጥሩ ነው? እሱ ራሱ! ዓይኑን በጨው አጥቦ! ባሏ ከሞተ እኮ ዓመት አልሞላም ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «የዋርሳዬ ሱቅ ተዘግቶ ሳላይ አልሞትም» ብላ ማለች።

አሮጌ የግፊት ድስት ላይ ቱቦ ገጥማ፣ ጦስኝ እየቀቀለች፣ እንፋሎቱን በቀዝቃዛ ባልዲ እያሳለፈች ዘይት ታወጣ ጀመር። ሰፈሩ «እሜቴ ጦስኝ» እያለ አሾፈባት። ይሹፍ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱን ቅጠል አቃጥላ ገባት፤ ዘይትና ውሃ አይስማሙም፣ ዘይቱ መጀመሪያ በፈሳሽ ሳሙና ይመታል፣ ከዚያ ፀሐይ ሲበርድ ይረጫል። የአትክልተኞች ማኅበር በሦስት ማሳ ሞከረው፤ ሻጋታው ቀጥ አለ። ለአባላት ሁሉ ሊያድል ቀን ቆረጠ። ከእንግዲህ ዋርሳዋ ሱቅ ማን ሊሄድ!

በዚሁ ሳምንት የሱም ቲማቲም ሻጋታ ያዘው። መጣ።

«እቴ፣ ያለፈው አለፈ። ከዚያ ዘይት ትንሽ ብትሰጪኝ?»

«ምን ገዶኝ፣ ዘመድ አይደለን!»

«አረጫጨቱስ?»

«ውሃ ውስጥ ጨምሮ መርጨት ነው።»

የሳሙናውን ነገር ዋጥ አደረገችው። የፀሐዩንም። እሱ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ መርጫውን አዝሎ ገባበት። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ቆየና መጨረሻ ላይ እንዳለ ወጣ፤ ማሳው ተለበለበ። ወሬው ሲደርሳት አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ብቻዋን ሳቀች።

በእደላው ቀን ሰው ጠርሙስ ጠርሙሱን ይዞ ሳለ ዋርሳዋ የተቃጠለ የቲማቲም ግንድ አንጠልጥሎ ደረሰ።

«ይኸው ዘይቷ! እናንተንም እንዲህ ያደርጋችኋል!»

አንዱ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ መለሰ። ሌላውም ተከተለ። እሷ ደሟ ፈላ።

«ዘይቱ ምን አደረገ!» ብላ ጮኸች። «በሳሙና ይመታል። አውቄ ነው ያልነገርኩት! የሥራውን ነው ያገኘው፤ እሰይ!»

የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ማሳቸው በዘይቷ የዳነላቸው ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እኛስ ያልነገርሽን ምን አለ?»

«ምንም! በልጆቼ!»

ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። ጠርሙሶቹ እንዳሉ ቀሩ። ከሰዓት በኋላ የዋርሳዋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ነበር።