ሌባ በሌለበት አገር የተሰረቀው ሻንጣ

ቦንጋ፣ የሰኔ መጨረሻ፣ ንጋት

ዝናቡ ከእኛ ቀድሞ ተነስቷል። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ላንድሮቨር ከአባቴ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ያጓራል። ጭቃ፣ ጉም፣ የናፍጣ ሽታ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ ውኃ። አባቴ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ አንድ ጣሳ ማርና በከረጢት የቋጠረውን የማንኪራ ቡና አቀበለኝ።

«ባዶ እጅሽን ሰው ቤት አትግቢ» አለኝ።

የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ለክረምቱ ምሥራቅ ጀርመን ሄደሽ ጀርመንኛ ተማሪ ተብያለሁ። ከፋ ውስጥ የቡና መፈልፈያ ማሽን የሚተክሉ ጀርመኖች ይመጣሉ፣ ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል ነው ነገሩ። ብቻዬን ግን አልተለቀቅሁም። የአውራጃው የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊ ጓድ ተካልኝ አብሮኝ ይማራል። ይማራል የተባለው ወረቀት ላይ ነው እንጂ ሥራው እኔን መጠበቅ እንደሆነ ከቦንጋ እስከ ዋጫ የማያውቅ የለም።

አባቴ ደግሞ ዋሴ ነው። ብቀር የሚታሰረው እሱ ነው። ከዚህ ቀደም አንድ የግብርና ባለሙያ ለሥልጠና ሄዶ በዚያው በመቅረቱ ወንድሙ እስር ቤት ሲማቅቅ ሁላችንም አይተናል። አባቴ ግን ሳያመነታ ፈረመ። ያመነታሁት እኔ ነኝ።

ጎጀብ ከመድረሳችን በፊት መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ ወርደው ጎማው ሥር ቅጠል ጎዘጎዙ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ከኋላ መግፋት ጀመርሁ። ጓድ ተካልኝ ከፊት ወንበር ንቅንቅ አላለም።

«ጓድ፣ እርስዎም ወርደው ቢያግዙን» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እኔ ሰነድ ይዣለሁ» አለ፤ ከዚያም በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ወደ ግራ! በርቱ! አንድ ላይ!» እያለ አመራር መስጠት ጀመረ። ጭቃው ፊቴን ሲሸፍነው አውሮፓን ገና ሳላያት ጠላኋት።

ላይፕዚግ፣ ሐምሌ

ሰፋፊ ጎዳና፣ የድንጋይ ከሰል ሽታ፣ ቢጫ ትራም፣ ጥቁር ዳቦ፣ ድንች። ቁርስ ላይ ቋሊማ፣ ምሳ ላይ ድንች፣ እራት ላይ የምሳውን ድንች የሚመስል ሌላ ድንች። ትምህርቱ ጥሩ ነው። መምህራችን ወፍራም መነጽር ያደረገች ደግ ሴት ናት፤ ስንሳሳት ራሷ የተሳሳተች ይመስል ትሸማቀቃለች።

ያረፍሁበት ቤት እመቤት ሔልጋ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ቡናውን ስሰጣት ከረጢቱን ከፍታ አሸተተችውና ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያም ወስዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እዚህ አገር የሚጠጣው ቡና ግማሹ ቡና፣ ግማሹ ምን እንደሆነ የማይታወቅ የተቆላ እህል ነው።

«ቡና አጥተው ነው እንዴ?» አልሁት ጓድ ተካልኝን።

«እጥረት የለም። ለልባቸው ጤና እየተጠነቀቁ ነው።»

በሌላ ቀን ሙዝ መጣ ተብሎ ሰልፉ መንገዱን ዞሮ ሲታጠፍ አየን። እኔ የከፋ ልጅ፣ ሙዝ ከጓሯችን እየወደቀ የሚበሰብስብኝ፣ ቆሜ አፈጠጥሁ።

«ይሄስ?»

«ሥነ ሥርዓት ነው» አለ ጓድ ተካልኝ። «የሠለጠነ ሕዝብ ሳይቸገርም ይሰለፋል።»

እሱ ክረምቱን ሙሉ የተማረው አንድ ቃል ነው፤ «ፍሮይንድሻፍት»፣ ወዳጅነት ማለት ነው። ሾርባ ሲቀርብለት ፍሮይንድሻፍት። ትራም ላይ የሰው እግር ሲረግጥ ፍሮይንድሻፍት። የሔልጋ ውሻ ሱሪውን ይዞ ሲጎትተው እንኳ «ፍሮይንድሻፍት! ፍሮይንድሻፍት!» ሲል ሰምቼዋለሁ። ውሻው አልተስማማም።

ፕራግ፣ የነሐሴ አጋማሽ

ትምህርቱ ሲያልቅ አስተናጋጆቻችን የባቡር ቲኬት ሰጥተው ወንድም አገሮችን እንድንጎበኝ ላኩን። ባቡሩ ውስጥ ሕፃናት፣ ወታደሮች፣ የተቀቀለ እንቁላል የሚልጡ አሮጊቶች። ጓድ ተካልኝ ገና ሳንሳፈር ፓስፖርቴን ተቀበለኝ። «ለደኅንነትሽ» አለና ከራሱ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ሻንጣው ውስጥ ከተታቸው።

ፕራግ ውብ ናት። ከወንዙ ላይ በሁለት ረድፍ ሐውልት የተደረደረበት ድልድይ፣ ከኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት፣ ከታች ቢራ። እኔ ቤተ መንግሥቱን ሳይ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ የአንድ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ፎቶ ያነሳል። አንድ ጃኬት የለበሰ ወጣት ጠጋ ብሎ በጀርመንኛ «ዶላር ትመነዝራላችሁ?» ብሎ አንሾካሾከ።

«ምን አለ?» አለኝ ጓድ ተካልኝ።

ነገርሁት።

«ተሳስተሽ ተርጉመሻል» አለ። «ተማሪ ነው። ስለ ዶላር ክፋት ሊወያይ ፈልጎ ነው።» ከዚያም ለልጁ እጁን ዘርግቶ «ፍሮይንድሻፍት» አለው። ልጁ እግሬ አውጪኝ አለ።

ቡዳፔስት፣ እኩለ ቀን

ሙቀቱ ያቃጥላል። የባቡር ጣቢያው የመስታወት ጣሪያ ያለው ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ርግቦች፣ የሐብሐብ ቅርፊት፣ ከየአቅጣጫው የሚጮህ ድምፅ ማጉያ። ጓድ ተካልኝ ሻንጣውን ከግድግዳው ሥር አቆመና ካሜራውን አንጠልጥሎ አዳራሹ ጫፍ ላይ ወዳለው ቀይ ኮከብ አመራ።

«ሻንጣውን ማን ይጠብቀዋል?» አልሁት። እኔ የራሴን ቦርሳ አንግቼ ውኃ ልገዛ ተነስቼ ነበር።

«ጓድ አስቴር፣ ይህ ጂማ መናኸሪያ አይደለም። እዚህ አገር ሌባ የለም። ስርቆት የግል ሀብት ውጤት ነው።»

ውኃ ገዝቼ ስመለስ እሱ ግድግዳውን እያየ ቆሟል። ግድግዳው ባዶ ነው።

«አንድ ሰው አንስቶ አስቀምጦልን ይሆናል» አለ። ላቡ ግን ከግንባሩ እስከ አገጩ ይወርዳል።

«ተሰርቀናል፤ ፖሊስ ጋ እንሂድ!»

«አይቻልም! ጠፋ ማለት ይቻላል። ተሰረቀ ማለት ግን የወንድም ሕዝብ ስም ማጥፋት ነው።»

መጀመሪያ ልስቅ ዳዳኝ። ከዚያ አባቴ ትዝ አለኝ። ፓስፖርት ከሌለ አውሮፕላን የለም፤ በቀኑ ካልገባን «ከድተዋል» ነው፤ ከዚያ ሱቁ ይታሸግና አባቴ ይታሰራል። አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ።

«ጓድ ተካልኝ፣ አባቴ ዋሴ ነው።»

አጠገቤ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የስብሰባው ድምፅ አልነበረም።

«ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እኅቴ። ተሰረቅሁ ብዬ ከፈረምሁ፣ ቦንጋ ስገባ 'ሌባ የለም ብለህ ስታስተምር ነበር' የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ወንበሬን የሚፈልጓት ብዙ ናቸው።»

አዘንሁለት። ግን ተነስቼ ብቻዬን ወደ ፖሊስ ሄድሁ።

ፖሊሱ ጺሙ የሸበተ፣ ሆዱ ቀበቶውን ያሸነፈ ሰው ነው። ጀርመንኛው እንደኔው የተሰባበረ ስለሆነ በደንብ ተግባባን። ነገሩን ሳስረዳው ጓድ ተካልኝ ከኋላዬ ደረሰና በእንግሊዝኛ «አልተሰረቀም! እዚህ አገር ሌባ እንደሌለ እናውቃለን» አለ። ፖሊሱ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ ተረጎምሁለት።

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጓድ ተካልኝን ከላይ እስከ ታች አየው። «ሌባ ከሌለ» አለኝ፣ «እኔ ታዲያ በዚህ ሙቀት ይህን ኮፍያ ደፍቼ የምቀመጠው ለምንድን ነው?» ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ጎረቤት ክፍል ላሉት ነገራቸው፣ እነሱም ሳቁ። ጓድ ተካልኝ የሚሳቀው በምን እንደሆነ ስላልገባው «ፍሮይንድሻፍት» አለ። ይሄኔማ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ተደፋ።

ሳቃቸው ሲበርድ ግን ሥራቸውን ሠሩ። አንድ ወጣት ፖሊስ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን የባቡር ጣቢያውን ዞርን። ዕቃ መጋዘኑ ጀርባ፣ የቆሻሻ በርሜሎቹ አጠገብ፣ ሻንጣው አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ኮቱ የለም። ሸሚዞቹ የሉም። ለሚስቱ የገዛው ጫማ የለም። መጻሕፍቱ ግን በሙሉ አሉ። ከቦንጋ ተሸክሞ ያመጣቸው እነዚያ ደረቅ ሽፋን ያላቸው የንድፈ ሐሳብ ጥራዞች አንድም ሳይጎድሉ መሬት ላይ ተዘርግፈዋል። ሌባው ዕቃ ያውቃል። ሁለቱ ፓስፖርቶች በጥራዞቹ መሃል ተጣብቀው አገኘናቸው።

ፓስፖርቴን ደረቴ ላይ ለጥፌ አለቀስሁ። ወጣቱ ፖሊስ ግራ ገብቶት ከኪሱ አንድ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ።

ጓድ ተካልኝ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አቧራቸውን እያራገፈ ሰበሰባቸው። «ከፍቶ ቢያነባቸው ኖሮ» አለ በሐዘን፣ «ሻንጣውን ይመልስልን ነበር።»

አውሮፕላን ላይ፣ የነሐሴ መጨረሻ

ከበርሊን ተነሳን። ጓድ ተካልኝ ገላው ላይ በቀረችው ሸሚዝ አጠገቤ ተቀምጧል። ደመናው ላይ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ያች ነገር እዚያው ትቅር።»

«ትቅር» አልሁት። ከልቤ ነበር። በልጆቹ እንጀራ መቀለድ አልፈለግሁም። ፓስፖርቴን ግን አልሰጠሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ቦንጋ፣ መስከረም

ጀርመኖቹ መጥተው ሄደዋል! እኔ ላይፕዚግ ጀርመንኛ ስማር እነሱ ማሽኑ የሚተከልበትን ቦታ አይተው፣ ከጂማ ሌላ አስተርጓሚ ተፈልጎላቸው፣ መንገዱ እስኪጠገን ብለው ተመልሰዋል። ይህን የነገሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። መምህራን፣ የቀበሌ ሰዎች፣ ነጋዴዎች በግዴታ ተጠርተዋል። አባቴ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ጓድ ተካልኝ የጉዞ ሪፖርቱን ማንበብ ጀመረ። ቡናው ለጤና፣ ሰልፉ ለሥነ ሥርዓት፣ ሌባ ደግሞ ጭራሽ የለም። እያዛጋሁ ሳለ እንዲህ አለ፦

«ቡዳፔስት ላይ ጓድ አስቴር በቸልተኝነት ፓስፖርቷን ጥላ ለመንግሥት ችግር ልትፈጥር ነበር። በእኔ ንቃትና በወንድም ሕዝብ ትብብር ተገኝቷል።»

አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን ያየሁት አባቴን ነው። ዋሴ ነውና አንገቱን ደፋ። በሕይወቴ አንገቱን ደፍቶ አይቼው አላውቅም።

«የምትጨምሪው አለ?» አለኝ ሰብሳቢው፤ የለኝም እንድል ነበር አጠያየቁ።

ተነሳሁ። 

«አለኝ። ፓስፖርቴ የነበረው ጓድ ተካልኝ ሻንጣ ውስጥ ነው። ሻንጣውን ሜዳ ላይ ትተውት ሄዱ፤ ሌባ ሰረቀው። ያገሩ ፖሊስ ፈልጎ አገኘልን። እዚያ ያሉት እንደኛው ሰዎች ናቸው። የሚሰርቅ አለ፣ ከረሜላ የሚሰጥም አለ። ቡና ያምራቸዋል፣ ሙዝም ያምራቸዋል። ያየሁት ይህንን ነው።»

ጓድ ተካልኝ ወረቀቱን አገላበጠ፤ እዚያ ላይ የተጻፈ መልስ አላገኘም። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ፤ መላ ያለው ሰው ነው።

«ሌባው» አለ፣ «ከምዕራብ የመጣ ቱሪስት መሆኑን ጉባኤው ተገንዝቧል።»

ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። ጓድ ተካልኝም ከሁሉ በላይ አጨበጨበ።

ደካ፣ ጥቅምት

የዝውውር ደብዳቤዬ ከመስቀል በኋላ ደረሰ፦ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ጌሻ፣ ደካ። ጓድ ተካልኝ ወንበሩ ላይ ነው። ልጆቹ ደኅና ናቸው፤ በዚህ አልቆጨኝም።

ጭቃው መኪናውን ካሸነፈበት ቦታ ወርደን ዕቃዬን በበቅሎ ጫንን። አባቴ ብቻሽን አልሰድሽም ብሎ አብሮኝ መጣ። ጫካው ይንጠባጠባል፤ ቀርከሃው ከነፋሱ ጋር ይወዛወዛል፤ ዝንጀሮዎች ይሳደቡናል። ብዙ መንገድ ሄድን።

«አባባ፣ አሳፈርሁህ?» አልሁት በመጨረሻ።

«በምን?»

«በስብሰባው። ባልናገር ኖሮ ቦንጋ እቀር ነበር።»

የበቅሎዋን ልጓም አስተካከለ። «እኔ እንኳ የደነገጥሁት ያ ሰውዬ ሌባ የለም ሲል ነው» አለ። «ባለ ሱቅ ነኝ እኮ፣ ልጄ። ሌባ የሌለው የሚሰረቅ ነገር ሲጠፋ ነው። ልጄን ባዶ አገር ሰድጄ አከረምኋት አልሁ። ሌባ አለ ስትይ ነው ቀና ያልሁት።»

ከቀርከሃው መሃል ቆመን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። በቅሎዋ ዞራ አየችን።

ደካ ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ካፖርታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ቀጭን ሰው፣ ደጃፍ ላይ ተቀበሉን። አባቴን አቀፉት፣ በቅሎዋን ራሳቸው አራገፉ፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ።

«ጀርመንኛ ይችላሉ ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ፣ ትንሽ።»

«በጣም ጥሩ» አሉ፤ ደስታቸው ከልብ ነበር። «የጎደለን የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሰኞ ይጀምራሉ።»