ማኅተም ያለበት ውሸት

ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። ውጫሌ ላይ በብየዳ እተዳደራለሁ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ። ስልኬ ላይ የሚመጣልኝን መልእክት ለሰው ማስነበብ ሲሰለቸኝ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ያስተማረኝ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ታጋሽ ነበር፣ ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ ይህን የምለው ሳልወድ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አልለውም።

ንባብ ሲፈታልን የራሱን ጽሑፍ ለልምምድ ያስነብበን ጀመር። የቀበሌያችንን ታሪክ አዘጋጅቶ ደሴ ሊያሳትም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እየጎተትኩ አነበብኩ፦ «ከወንዙ ማዶ የነበሩት ጠይቦች ቅዳሜ ዕለት ሸክላ ሲተኩሱ እሳቱ ከእጃቸው አምልጦ ቤቶቻቸውን ስለበላው፣ በገዛ ፈቃዳቸው አገር ለቀው ሄዱ።»

እነዚያ ጠይቦች የእናቴ ወገኖች ናቸው። ቤተ እስራኤል ነበሩ። አገሩ ግን በዚህ ስም ጠርቷቸው አያውቅም፤ ፈላሻ ነው የሚላቸው፣ ሲብስበት ቡዳ። ማረሻውን እነሱ ቀጥቅጠውለት፣ ድስቱን እነሱ ሠርተውለት፣ ልጁን ሆዱን ሲቆርጠው «በሉብኝ» ይላል። የአንድ ባለርስት ልጅ ታሞ ሞተ፤ ሰዉ ችቦ ይዞ ወረደባቸው። እናቴ የነገረችኝ ይህንን ነው። «አባቴን ከነነፍሱ ከቤቱ ጋር አነደዱት» ትል ነበር። እሷን ገና ሕፃን ሳለች አንዲት ሙስሊም ጎረቤት አዝላ አወጣቻት፤ እዚያው አደገች፣ አገባች፣ እኔን ወለደች።

ሌሎቹ ሲወጡ እኔ ቀረሁ።

«መምህር፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«ከሰነድ ነዋ።» ከማህደሩ አንድ ቢጫ ወረቀት አወጣ። አባቱ ጭቃ ሹም ነበር፤ ለወረዳው ገዥ የጻፈው ደብዳቤ ነው፣ ከሥሩ ማኅተም አለው። «በቦታው የነበረ ሹም በጊዜው የጻፈው ነው። ያንተ ደግሞ የእናትህ ወሬ ነው። አትቀየመኝ፣ የታሪክ ደንቡ እንዲህ ነው።»

«እናቴ ዋሽታለች?»

«ሐዘንተኛ ነበረች ነው የምልህ።»

ያን ሳምንት የበየድኩት በር ሁሉ ጠማማ ወጣ። ወረቀቱን ባቃጥለው ብዬ አስቤያለሁ፤ አልደብቅም። ግን እሳት ለኩሼ ብገኝ የቡዳ ልጅ ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግሁ። «ለእጅ ጽሕፈት ልለማመድበት» ብዬ ደብዳቤውን ተዋስኩትና ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። የሚያነብ ሰው ይሮጣል፤ የሚገለብጥ ግን እያንዳንዱ ቃል ላይ ይቆማል። ቅዳሜ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

እናቴ ቅዳሜ እሳት አንድዳ አታውቅም። ያሳደገቻት ሴትዮ «የወገንሽ ሕግ ነው» ብላ ነግራት ኖሮ፣ ሙስሊም አግብታም አልተወችውም። ዓርብ የጋገረችውን ቀዝቃዛ እንበላለን፤ አባቴም ለምን ብሏት አያውቅም። እነዚያ ሰዎች ቅዳሜ ሸክላ ሊተኩሱ ይቅርና ከምድጃቸው ፍም አይገኝም። ጭቃ ሹሙ ዕድሜ ልኩን ማዶ ለማዶ ኖሮ፣ ግብር ሰብስቦባቸው፣ በየትኛው ቀን እንደሚያርፉ እንኳን አያውቅም። ሲዋሽም የሚያውቅ መስሎ ዋሸ።

ግን መምህሩ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ። ቀኑን ተሳስቶ ይሆናል ይለኛል። እናቴን ያዘለችው ሴትዮ ልጅ ሐይቅ አጠገብ አለች፤ አርጅታለች፣ ሳዑዲ የሠራች የልጅ ልጇ ባሠራችላት ክፍል ትኖራለች። በሚኒባስ ሄድኩ። ስለ ደብዳቤው ትንፍሽ አላልኩም።

«እማማ፣ ቀኑ ምን ነበር?»

«የጁምዓ ማግስት ነዋ። አባቴ ለጁምዓ ሄዶ አድሮ፣ ሲመለስ ነው ጭሱን ያየው።»

«ሸክላ ሲተኩሱ ነው የተነሳው የሚል ሰው አለ።»

ድድዋ እስኪታይ ሳቀች። «ቅዳሜ? ማን ነው ይሄ ጅል? እሳት ልጭር ስወጣ እናቴ ‹እነሱ ዘንድ እንዳትሄጂ፣ ዛሬ እሳት የላቸውም› ትለኝ ነበር።» ከዚያ ሳቋ ቆመ። «አባቴም ከፍርስራሹ አንድ ጋን አምጥቷል። ወላሂ፣ ውኃ ጠጥተንበታል። እሱንም ጻፈው።»

ጻፍኩት። ያመንኳት እዚያ ላይ ነው። ሳትጠየቅ የአባቷን ነውር ያወጣች ሴት የሌላውን አባት ስም ለማጥፋት አትዋሽም።

«አያቴ ቤት ውስጥ ነደደ አይደል?» አልኳት፣ ብዕሬን አዘጋጅቼ።

«የለም። እጁ ነው የተቃጠለው። በእግሩ ሄደ፤ ኋላ መንገድ ላይ ሞተ ሲሉ ሰማን።»

«እናቴ ግን ነደደ ነው ያለችኝ።»

«እናትህ ነጠላ ተከናንባ በእናቴ ጀርባ ላይ ነበረች። ምን አይታ፣ የኔ ልጅ? አብሽር፣ የሰማችውን ነው የነገረችህ።»

ተናደድኩባት። እኔ የምፈልገው የነደደ አያት ነበር፤ እሱን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ልጥልለት ነበር የጓጓሁት። ወደ ውጫሌ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። በመጨረሻ የእናቴን ቃል ሰረዝኩት። እሷን እንደ መስደብ ነበር። ግን መምህሩ አንዲት ውሸት ቢያገኝብኝ፣ ያቺን ይዞ ሌላውን ሁሉ ይጥለዋል። ያንን አልሰጠውም።

መምህሩ የጻፍኩትን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«አባቴ ቀኑን ተሳስቶ ይሆናል።»

«ሴትዮዋም ቅዳሜ ነው የምትለው። ደብዳቤዎን አይታ አታውቅም።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እሺ። ዓረፍተ ነገሩን አወጣዋለሁ። ከናካቴው አልጠቅሳቸውም።»

«እንዳይነኩት። ደብዳቤው እንዳለ ይታተማል፣ ከነማኅተሙ፣ ከነአባትዎ ስም። ከሥሩ የእሳት ጫሪዋ ቃል ይገባል። እጁ የተቃጠለውም፣ ጋኑም፣ ሁሉም።»

«አባቴ እኮ ነው።»

«የኔም አያቴ ነው።»

«የልጅ ልጆቼ ያነቡታል።»

«እንዲያነቡት ነው።»

«አሁን ይሄ ምን ይጠቅምሃል?»

ለእውነት ብዬ ነው ልለው እችል ነበር። «ደስ ይለኛል» አልኩት።

የታሪክ ደንብ ሲያስተምረኝ የነበረው እሱ ነው፤ ምን ይበለኝ። ወረቀትና ብዕር ገፋልኝ። «እንግዲያው ራስህ ጻፈው። የኔ እጅ አይጽፈውም።» ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ቆመ። እጄ ከባድ ነው፣ ፊደሌ ይተልቃል፤ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፣ አልቸኮልኩለትም። የአባቱ ስም ላይ ስደርስ ቀና ብዬ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቅኩት። ደብዳቤውን በገዛ እጄ ገልብጬዋለሁ፣ አውቀው ነበር። እሱም እንደማውቅ ያውቃል። መስኮቱን እያየ ፊደል በፊደል ነገረኝ።