ሰው የሚመርጠው የብረት በር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ላሊበላ፣ በተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ፣ ጋኔን እንዳለብኝ በጎረቤት ጉባኤ ተወሰነ። ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም... በሙሉ ድምፅ።

ነገሩ የጀመረው ዝናቡ የጠና ሰሞን ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የክፍሌ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ነፋሱ ሲያርፍ እሱም ያርፋል። ቀጥሎ የክፍሌ የብረት በር ጠባዩን ለወጠ። የመጀመሪያ ቀን ስነካው ጣቴን ውርር አደረገኝ። በሦስተኛው ቀን እስከ ክርኔ ነዘረኝ። በሳምንቱ ወርውሮ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አስተዋወቀኝ።

አከራዬ እትዬ ጥሩ አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው። ተከራይ ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። እሳቸው ግን ሕግ አውጪ ስለሆኑ በፕላስቲክ ጫማቸው እንደልባቸው ይመላለሳሉ። እኔ ታዛዥ ዜጋ ነኝ። በእርጥብ ካልሲ ቆሜ በሩን እከፍታለሁ... ይመታኛል።

«እትዬ፣ በሩ ኤሌክትሪክ ይዟል» አልኳቸው።

«ኤሌክትሪክ ከሆነ እኔንስ ለምን አይነካኝም?» ብለው በሩን በሙሉ መዳፋቸው ጨበጡት። «ይኸው! ኤሌክትሪክ ሰው ይመርጣል እንዴ? ልጄ፣ አንተ ራስህን መርምር።»

መረመርኩ። አንድ ቀን ቸኩዬ ሕጉን ጣስኩና በሸራ ጫማዬ ገባሁ። በሩ ዝም! ያኔ ነው የገባኝ። የሚመርጠው ሰው ሳይሆን እግር ነው። ባለሙያ ላምጣ ብላቸው ግን ቆጣሪው ያለው መኝታ ቤታቸው ውስጥ ነው፣ የመኝታ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ታስሯል። «መኝታ ቤቴን ለማንም አልከፍትም» አሉ። ጉዳዩ ተዘጋ።

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ በረንዳው በሰው ተሞልቷል። እትዬ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በጀሪካን ጠበል አስመጥተዋል። የነፍስ አባታቸው መምሬ ካሴ ደግሞ መጥተዋል። እቅዱ ተነገረኝ። መምሬ ይጸልያሉ፣ በሩን ጠበል ይረጩታል፣ ከዚያ የብረት መስቀላቸውን አራቱም ማዕዘን ላይ ያሳርፋሉ።

ውሃ... ብረት... ከጠዋት ጀምሮ በዝናብ የራሰ ሲሚንቶ። ይሄ ሳያንስ መምሬ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።



«አባቴ፣ ጫማዎን አያውልቁ!» ብዬ ጮህኩ።

ለጸሎት የቆመን ካህን፣ ያውም ላሊበላ ላይ፣ ጫማዎን አያውልቁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? ይቺ ከተማ ዕድሜዋን ሙሉ ደጅ ላይ ጫማ ስታወልቅ የኖረች ናት።

«ሰማችሁት? እሱ አይደለም የሚናገረው!» አሉ እትዬ።

ጎረቤታችን ደሱ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ለጸሎቱ ጫማውን አውልቆ ቆሞ ነበር። እንዳለ መጥቶ ግራ እጄን ቀፍድዶ ያዘኝ።

«ተረጋጋ! ይለቅሃል!»

«ምኑ ነው የሚለቀኝ? በሩ ነው እኮ! አባቴ ይሞታሉ!»

«ይኸው፣ ሞት መጥራት ጀመረ!» አለች አንዷ ከኋላ።

መምሬ በአንድ እጃቸው መስቀሉን፣ በሌላው የጠበል ጣሳውን ይዘው አንድ እርምጃ ተጠጉ... ሌላ እርምጃ... መስቀሉ ከበሩ የቀረው አንድ ክንድ ያህል ነው። ዘልዬ መሃል ገባሁ። ደሱ መለስ አድርጎ ጎተተኝ። ስንታገል ቀኝ ክርኔ በሩን ነካ።

«ወይኔ እናቴ!»

የጮህነው አንድ ላይ ነው። እኔ ጫማ ስላደረግኩ በእኔ እግር መውረጃ ያጣው መብራት እጄን ተሻግሮ በደሱ ባዶ እግር ወረደ። ያን የሚያህል ሰውዬ ጀሪካኑ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ተላለፈበት!» አለ ጉባኤው። አሁን ሁለት ሆንን።

መምሬ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኛን አያዩም፣ በሩንም አያዩም። የሰዉን እግር ነው የሚያዩት። ባዶ እግር... ባዶ እግር... ባዶ እግር... እትዬ ጥሩ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው።

«ወለተ ማርያም፣ ሁሉም ሲያወልቅ አንቺ ምነው?»

«ብርድ አይስማማኝም አባቴ...»

«ግድ የለም፣ ላንዳፍታ ነው። አውልቂና ያንን በር ያዢልኝ። አንቺን አይነካሽ የለ?»

እትዬ በሩን አዩ። እግራቸውን አዩ። ሰዉ ሁሉ እሳቸውን አየ። እጃቸው ቀስ ብሎ አንገታቸው ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ።

«እሺ አባቴ... እንግዲያው መጀመሪያ ቆጣሪውን ላጥፋው?»

ለካ በሩ እንደሚነዝር ካለፈው ክረምት ጀምሮ ያውቃሉ! ያ ፕላስቲክ ጫማ ከእግራቸው የማይወርደው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ጠበሉ ካስተወው ብዬ...» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

መምሬ አልተቆጡም። «ጠበሉ ለአንቺ ይሁን። ለበሩ ባለሙያ ጥሪለት» ብለው ጫማቸውን አጠለቁ።

ባለሙያው የዚያኑ ዕለት መጣ። የጣሪያው ቆርቆሮ ሲመታ አንድ ምስማር የአምፖሉን ሽቦ ልጦታል። ሽቦው ከቆርቆሮው፣ ቆርቆሮው ከበሩ ብረት ጋር ተገናኝቷል። ነፋስ ሲያወዛውዘው ነው አምፖሉ የሚያመነታው። መብራት ሲያመልጥ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ግን ከቦታው የለም። ባለሙያው ግቢውን ሲዞር አገኘው... ከአጥር እስከ ባሕር ዛፍ ተወጥሮ የእትዬን ሁለት ነጠላና አንድ ጋቢ ተሸክሟል።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ መሬት ውስጥ ነው መቀበር ያለበት!»

«መሬት ውስጥማ ልብስ አይደርቅም» አሉት።

በሩ አሁን ጨዋ ሆኗል። ደሱ ግን እስከ ዛሬ በአንገቱ እንጂ በእጁ ሰላም አይለኝም።