ማን ፈቀደለት

አባቴ ይጁቤ አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው። እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ የድሮ የብራና መጻሕፍትን ፎቶ እያነሣ በኮምፒውተር በሚመዘግብ አንድ ትንሽ ቢሮ እሠራለሁ። የእሳቸውና የእኔ ሥራ የተገናኘው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን አባቴን በሰው ፊት አሳፈርኳቸው።

ነገሩ የተነሣው ከቢሯችን የመመዝገቢያ ሲስተም ነው። የሠሩት ባለሙያዎች ካስረከቡን በኋላ ዞር ብለው አላዩትም። ኢንተርኔት የምንከፍትበት ብራውዘር በየጊዜው ይታደሳል፣ ሲስተሙ ግን እንደነበረ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ከቀን ወደ ቀን እየተጣሉ ሄዱ። ጠዋት ገብቼ ስከፍተው ቀይ ገጽ ይመጣና ድረ ገጹ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቀኛል። እንደምንም አልፌው ስገባ ደግሞ ፎቶ የሚጫንበት መስኮት አልከፈትም ይላል፤ ብራውዘሩ ማስታወቂያ መስሎት ያግደዋል።

ትክክለኛው መንገድ ጠፍቶኝ አይደለም። ለዚያ ለአንዱ ሲስተም ብቻ ፈቃድ ሰጥቶ ሌላውን ሁሉ እንደተዘጋ መተው ነበር። ሞከርኩትም። አንዱን ስከፍት ሌላው ይዘጋል፤ እሱን ሳስተካክል የመጀመሪያው ይመለሳል። ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆመው «ዛሬም አልሠራም?» ሲሉኝ ብልጭ አለብኝ። የብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁና መከላከያውን በሙሉ አጠፋሁት። መስኮት መክፈትም፣ ማሳወቂያ መላክም፣ ፋይል ማውረድም ለማንኛውም ድረ ገጽ ክፍት ሆነ። ሲስተሙ ያኔውኑ ሠራ። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ «በቃ፣ አሁን እንዳትነኪው» አለችኝ። አልነካሁትም።

ከዚያ በኋላ የፎቶ መጠን የሚቀንስ ነፃ ፕሮግራም ፍለጋ የማላውቀው ድረ ገጽ ውስጥ ገባሁ። «ሮቦት ካልሆኑ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» አለኝ፤ ተጫንኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስክሪኑ ጥግ ትንንሽ ማስታወቂያዎች ብቅ ይሉ ጀመር። ሎተሪ ደርሶሻል፣ ኮምፒውተርሽ ቫይረስ አለበት፣ የዚህ ዓይነት ነገር። እያባረርኩ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ማስተካከል እንዳለብኝ ልቤ ያውቀዋል፤ ግን ሴቲንጉን ብነካው ሲስተሙ ይቆምብኛል ብዬ ፈራሁና ነገ ዛሬ እያልኩ ተውኩት።

የአባቴ ቤተ ክርስቲያን ካህናት መጻሕፍቶቻቸው ፎቶ እንዲነሡ መጀመሪያ እሺ አላሉም ነበር። የደብሩ አለቃ፣ በዕድሜም ከሁሉም የሚበልጡት፣ ቅዱስ ነገር ወደማይታወቅ ቦታ አይሄድም አሉ። አባቴ ናቸው የለመኑልኝ። «ልጄ ናት የምታነሣው፣ እኔ እሆናለሁ ተጠያቂው» ብለው አሳመኗቸው። ለሙከራ ያህል አንድ ተአምረ ማርያም ፈቀዱልኝና ፎቶውን አንሥቼ ወደ ሲስተሙ አስገባሁት። ቀጥሎ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለሕዝቡ እንዳሳይ፣ ከወደዱት የቀሩትም መጻሕፍት እንዲነሡ ተስማማን።

ነጭ ሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ያንኑ የቢሮ ላፕቶፔንና ፕሮጀክተር ይዤ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ካህናቱ ተአምረ ማርያሙን ከዕቃ ቤት አውጥተው ከፊት፣ ሴቶቹና ሕፃናቱ ከኋላ ተቀምጠዋል። አባቴ ከአለቃ አጠገብ ናቸው፤ የበዓል ጋቢያቸውን ነው የደረቡት። ፎቶዎቹ በሲስተሙ ውስጥ ስለነበሩ ስልኬን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ኢንተርኔት ከፈትኩ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጠል ግድግዳው ላይ ሲወጣ ከሴቶቹ በኩል እልልታ ተሰማ። አለቃ ከመቀመጫቸው ዘንበል ብለው፣ «ይቺን ቀይ ፊደል በመጽሐፉም እንዲህ አጥርቼ አይቻት አላውቅ» አሉ። አባቴ ወደ እኔ አላዩም፣ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር።

ሦስተኛውን ቅጠል ልከፍት ስል ነው ጥግ ላይ ያ ነገር ብቅ ያለው። የራቁት ሴት ፎቶ ነው። ትንሽ ነበረ። ሰው ሳያየው ላጠፋው ቸኩዬ መዝጊያውን ስቼ ራሱን ሥዕሉን ተጫንኩት። ገጹ ተከፈተና ግድግዳውን ሞላው። አንዱን ስዘጋ ሌላ ይከፈታል፤ ከሁሉም የባሰው ድምፅ ነበረው።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴን እሸፍናለሁ። ላፕቶፑን በመክደን ፈንታ ሮጬ ግድግዳው ፊት ቆምኩ፤ የምከልለው መስሎኝ ነው። ሥዕሉ መጥቶ ቀሚሴ ላይ አረፈ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያንን ሥዕል እኔ ላይ አየው። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሲይዙ፣ ካህናቱ ወደ መሬት ሲያቀረቅሩ አየሁ። ሰው ሁሉ ደንግጦ በተቀመጠበት ሲቀር አባቴ ብቻ ተነሡ። ጋቢያቸውን አውልቀው ላፕቶፑንና ፕሮጀክተሩን አንድ ላይ አለበሷቸው። ድምፁ ግን በጋቢው ሥር ትንሽ ቀጠለ፤ ሄጄ ክዳኑን እስክዘጋው።

አለቃ «ምንድን ነው ይኼ፣ ልጄ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ማስታወቂያ ነው አባታችን። ከኢንተርኔት የመጣ ነው።»

«ማነው የሚልከው?»

«አላውቃቸውም።»

«ሳታውቂያቸው እንዴት አንቺ ዘንድ ይመጣሉ? ያለ ፈቃድ ይገባል እንዴ?»

አዎ ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። አፌ ግን እሺ አላለኝም። «አይ፣ በፈቃድ ነው የሚገባው» አልኩ።

«ማን ፈቀደለት?»

«እኔ ነኝ የፈቀድኩለት።»

ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሌላ ቃል ሆነ። ከፊት የተቀመጡት ካህናት ከልጅነታቸው ጀምሮ ቅኔ የሚቆጥሩ፣ አንድ ቃል ሲሰሙ ሰሙን ትተው ወርቁን የሚፈልጉ ናቸው። ከኋላ አንዲት ሴት «እሷው ናት የፈቀደችለት» ብላ ላጠገቧ ስትደግም ሰማሁ። ላስረዳ ብዬ ስለ ብራውዘር፣ ስለ ሴቲንግ፣ ስለ ሲስተሙ እርጅና መናገር ጀመርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ባሰ። በመጨረሻ አለቃ እጃቸውን አነሡና፣ «መጽሐፉ ወደ ዕቃ ቤት ይመለስ» አሉ። ሕዝቡ ልጆቹን እየያዘ ወጣ።

ከአባቴ ጋር በገብስ ማሳዎች መሃል ወደ ቤት ሄድን። ጋቢያቸውን መልሰው አልደረቡትም፤ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘውታል። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ቆሙና፣ «ሰው ይጠይቀኛል። የምመልሰውን አስተምሪኝ» አሉ።

«ተዉት አባባ፣ ሰው ይረሳዋል።»

«አይረሳውም። አስተምሪኝ።»

እዚያው ቆመን በቀላል ቃል አዘጋጀሁላቸው። ኢንተርኔት የሚታይበት ብራውዘር የሚባል ነገር እንዳለ፣ ክፉውን የሚያግድ መከላከያ እንዳለው፣ የእኔ መከላከያ ጠፍቶ ስለነበር የማላውቀው ሰው ማስታወቂያ እንደገባ። አባቴ ለተማሪ ቃል እንደሚያስጠኑ፣ አሁን እሳቸው ተማሪ ሆነው ከአፌ እየተቀበሉ ደገሙት። መከላከያው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ጠፋ ነው፣ ወይስ አጠፋሽው?»

መሬት መሬት እያየሁ፣ «አጠፋሁት» አልኩ።

«ስለምን?»

«ሥራዬ እንዲሠራልኝ ብዬ። ለአንዱ ብቻ መክፈት ይቻል ነበር፤ ጊዜ ፈጀብኝና ለሁሉም ከፈትኩት።»

«እንግዲያው አጠፋችው ነው የምለው» አሉና ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት፤ መንገዱንም ቀጠሉ።

ማግስቱን ማርቆስ ተመልሼ ሴቲንጉን ሁሉ ወደ ነበረበት መለስኩ። የማላውቃቸውን ድረ ገጾች ፈቃድ አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ለዚያ ለአሮጌው ሲስተም ብቻ ሌላ ብራውዘር ለይቼ፣ እሱን ብቻ እንዲከፍት አድርጌ አስተካከልኩለት። ፎቶዎቹን በጅምላ መጫን አቃተው፤ አንድ በአንድ ነው አሁን የምጭነው፣ ሥራው ይጎተታል። ግን ይሠራል። ይህን ሁሉ ጨርሼ ቀና ስል ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም ነበር። ከግማሽ ቀን ያነሰ ሥራ ነው። ይህን ሳውቅ ከአዳራሹ የባሰ አፈርኩ።

ታናሽ እህቴ ከይጁቤ እየደወለች ወሬ ታመጣልኛለች። አባቴ ገበያ ሲወጡ ሰው ሰላምታ ካቀረበላቸው በኋላ ዳር ዳሩን ሲል፣ እሳቸው ራሳቸው ቆመው ያጠኑትን ይናገራሉ። ብራውዘር፣ መከላከያ፣ ልጄ አጠፋችው። የሰማ ሁሉ አይገባውም፤ አንዳንዱ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል፣ ጎረምሳው ዞር ብሎ ይስቃል። «መሪጌታ የኮምፒውተር ቅኔ ጀመሩ ይላሉ» አለችኝ እህቴ። እሷም ልትስቅ ነበር፤ አብሬያት እንዳልሳቅሁ ስታውቅ ተወችው። ደውዬ ይተዉት ልላቸው አስቤ ነበር። አልደወልኩም። በእሳቸው አፍ የሚነገረውን እውነት በራሴ አፍ ለመናገር ወደዚያ ገበያ መሄድ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ይህን እያወቅሁ ነው የቀረሁት።

ከፋሲካ በኋላ አለቃ በአባቴ በኩል መልእክት ላኩብኝ። ያነሣኋቸውን ቅጠሎች በወረቀት አትሜ እንዳመጣ ነው። ባለኝ ምርጥ ወረቀት አትሜ ሄድኩ። አለቃ ከደብሩ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እያንዳንዱን ወረቀት አዩት፤ ጀርባውን ገልብጠው ባዶ መሆኑን ሳይቀር አረጋገጡ። ከዚያ በጨርቅ ጠቀለሉትና፣ «ደህና ነው። የቀሩት ግን ለጊዜው ይቆዩ» አሉኝ። ለጊዜው የተባለው እስከ ዛሬ ድረስ ነው። ከዚያ ደብር መጻሕፍት በመዝገባችን ያለው ያ አንድ ብቻ ነው።

ሥራዬን አልተውኩም። ወደ ቁይ ሄጃለሁ፣ መርጡለ ማርያም በኩል ወዳሉ አድባራትም ሄጃለሁ። አሁን ስክሪን ላይ ትንሽ ጥያቄ ብቅ ስትል እስከ መጨረሻው ሳላነብ አልነካትም። ሥዕል ለሰው ሳሳይም ኢንተርኔቱን አጥፍቼ፣ ቀድሜ ላፕቶፑ ላይ ያስቀመጥኩትን ብቻ ነው የምከፍተው። ይኼኛው ተስተካክሏል።

ያልተስተካከለው ሌላ ነው። በቅርቡ ቁይ አካባቢ አንድ ቄስ ዕቃ ቤታቸውን ከፍተውልኝ መጽሐፍ ሲያወጡ፣ እንደ አገራችን ወግ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የይጁቤ ልጅ ነኝ አልኳቸው። «ይጁቤማ የማን?» አሉ። ካሜራውን የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩ። እሳቸውም መጽሐፉን እያቀረቡልኝ፣ «ይጁቤ ትልቅ መሪጌታ አሉ፣ ድጓ ያስተማሩኝ» ብለው የአባቴን ስም ጠሩ። እንደማላውቃቸው ሰው «ስማቸውን እሰማለሁ» አልኩና የመጽሐፉን የመጀመሪያ ቅጠል እንዲገልጡልኝ ጠየቅኋቸው።