ሥጋ ቤት የመሰለችው የጾም ቤት

ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ብዕር ስይዝ እጄ ያልበኛል። የጎረቤቴ የጃለኔ ነገር እንዲሁ ተወርቶ እንዳይቀር ብዬ ነው የደፈርኩት። ስሕተቱን እያረማችሁ አንብቡልኝ።

ጃለኔ አምቦ ውስጥ በወይዘሮ ፋንቱ ሆቴል ወጥ ስትሠራ ነው የኖረችው። ጎመኗን የቀመሰ ጣቱን ይልሳል፤ ምስጋናው ግን ለሆቴሉ ነው። በመጨረሻ ቆረጠችና በአውቶቡስ ተራ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይታ የጾም ምግብ ቤት ልትከፍት ተነሣች። ወይዘሮ ፋንቱ አልተቀየሟትም።

«ሂጂ ሞክሪው። እስከ እኩለ ጾም ካልሆነልሽ ግን ተመለሺ፤ እስከዚያ ቦታሽን ለሌላ አልሰጥም» አሏት።

ጃለኔ በልቧ «ከእንግዲህስ የሰው ማጀት አልመለስም» አለች።

ቀለሙን የመረጠችው ራሷ ናት። ቀይ ዓይን ይስባል፣ ነጭ ንጽሕና ነው ብላ፣ ገለታ የሚባለውን ቀለም ቀቢ ጠርታ ግድግዳውን በቀይና በነጭ ሸንተረር አስቀባች። «እርግጠኛ ነሽ?» ቢላት «አንተ ዝም ብለህ ቀባ!» አለችው። ከበሩ በላይም «የጾም ምግብ» ተብሎ ተጻፈ።

ሁዳዴ ገባ። ሽሮው ይንተከተካል፣ ሰው ግን የለም። ጿሚው ሁሉ ማዶ ማዶውን ያልፋል። የገባው ከጎጆ ከተማ በኩል የመጣ አንድ ፕሮቴስታንት ገበሬ ብቻ ነው፤ እሱም ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ቃኘና «ፎን ቀብዱ?» አላት፤ ሥጋ አላችሁ ወይ ማለቱ ነው።

«ጎመን አለ።»

«ጎመንማ ጓሮዬም ሞልቷል» ብሎ ወጣ።

እኩለ ጾም እየቀረበ መጣ። አንድ ቀን ጋሽ አሻግሬ፣ ጡረታ የወጡት ጾም አክባሪ፣ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው መንገድ ሲሻገሩ አየቻቸውና ሮጣ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ምንም፣ ልጄ። በሁዳዴ በሥጋ ቤት ደጅ ማለፍ አልወድም፤ ይሸተኛል።»

«የምን ሥጋ? ኧረ ሽሮና ጎመን ነው የምሸጠው! ተጽፏል እኮ!»

«ጽሑፉን ለማንበብ መቅረብ ያስፈልጋል። እኔ ቀዩን ሳይ ገና ከሩቅ ነው የምሻገረው። የከተማው ሥጋ ቤት ሁሉ ምን ዓይነት ቀለም ነው? እስቲ አንቺው ንገሪኝ።»

ጃለኔ ራሷን ያዘች። ለካ ሽሮ እየሠራች ሽንጥ ስታውጅ ነው የከረመችው!

ገለታ ተጠራ።

«አረንጓዴና ነጭ ላድርገው?»

«መድኃኒት ቤት ነው ብለው የራስ ምታት ክኒን ሊጠይቁኝ?»

«ሰማያዊስ?»

«ክሊኒክ! ደግሞ መርፌ ልውጋ?»

ኋላ ሰሐን ላይ ክክ አልጫና ጎመን ጨልፋ «በል፣ ይኸን አስመስል» ብላ ሰጠችው። ገለታ ቢጫውን እየበጠበጠ ከክኩ ጋር ሲያስተያይ ቆየ። ግድግዳው ሳያልቅ ሰሐኑ አለቀ።

«ናሙናውን በላኸው?»

«ሁለተኛውን ቅብ ስጀምር ሌላ ጨምሪልኝ።»

ግድግዳው የክክ ቢጫ፣ በሩ የጎመን አረንጓዴ ሆነ።

ቀለሙ እንደደረቀ ጋሽ አሻግሬ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ገቡ። «ዛሬስ ከማዶ ሽሮ ሸተተኝ» አሉ። ሽሮው ግን ገና አልተጣደም ነበር! ጃለኔ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሮጣ ጣደች። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ወንበር ጠፋ፤ መንገደኛው ቆሞ በላ፤ ድስቱ ሁሉ ተጠረገ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሆቴሉ ሄደችና «እትዬ፣ ቦታዬን ለሌላ ይስጡልኝ» አለቻቸው።

«እሱንማ ትናንት ደንበኞቼ ሲጠፉብኝ ዐወቅሁት» አሉ ወይዘሮ ፋንቱ እየሳቁ። ጃለኔም ጉልበታቸውን ሳመችና ጎመን ሳያልቅባት ወደ ገበያ ሮጠች።