ገደፋው የፈረደው ድፍድፍ

ገደፋው የማንኩሳ ኬላ ቀረጥ ተቀባይ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ጠላ ጠማቂዋ ቻይነሽ ከቡሬ አንድ እንስራ ድፍድፍ ይዛ መጣች። የመጠጥ ቀረጥ ከጌሾ ቀረጥ ይከብዳል።

«መጠጥ ነው» አላት።

«ውሃ ያልገባበትን ድፍድፍ ማን ይጠጣል? ይቅመሱታ!»

ግትር ነውና በጣቱ ጠንቁሎ ላሰ። ምሬቱ ፊቱን አጨማደደው። «ጌሾ ነው» ብሎ የጌሾ ቀረጥ ተቀበላትና መንገዱን የዘጋውን የኬላ ገመድ ዝቅ አደረገላት።

ከዚያ ወዲህ ድፍድፍ ሁሉ እንደ ጌሾ እየተቀረጠ አለፈ። ያመሰገነው ግን የለም፤ ቀረጥ ተቀባይን ማን ያመሰግናል?

ገደፋው ሞተ። ለተዝካሩ ቻይነሽና ሌሎች ጠማቂ ሴቶች ድፍድፍ ተሸክመው ኬላው ሲደርሱ አዲሱ ተቀባይ «ይህማ መጠጥ ነው» ብሎ ገመዱን ወጠረ።

«ጌሾ ነው» አለች ቻይነሽ። «የፈረዱት ይህ ተዝካር የሚወጣላቸው ሰው ናቸው። ካላመኑ ሄደው ይጠይቋቸው።»